እንጀራን መቀነስ ምን ያስገኛል? ካርቦሃይድሬት የቀነሰ አመጋገብ የሚጀምር ሰው ሊያውቃቸው የሚገቡ ነጥቦች

ባሕር ዳር፦ “እንጀራና ዳቦ ከተውክ በሳምንት ውስጥ ክብደትህ ይወርዳል፤ ስኳርህም ይስተካከላል” የሚል ምክር በሥራ ቦታ፣ በለቅሶ ቤትና በገበያ መንገድ ላይ በተደጋጋሚ ይሰማል። ምክሩ እውነት አለው፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። ካርቦሃይድሬት የቀነሰ አመጋገብ ለአንዳንዱ ሰው ክብደትንና የደም ስኳርን ለመቆጣጠር ይረዳል። ለሌላው ከሌሎች የአመጋገብ ዘዴዎች የተለየ ጥቅም አይሰጥም። መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ደግሞ ያለ ሐኪም ክትትል ከተጀመረ ለአደጋ ሊዳርግ ይችላል። ስለዚህ ከመጀመር በፊት ምን መጠበቅ እንደሚገባና ምን መጠበቅ እንደማይገባ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ካርቦሃይድሬት የቀነሰ አመጋገብ ምንድን ነው?

ካርቦሃይድሬት በጤፍ፣ በስንዴ፣ በገብስ፣ በበቆሎ፣ በማሽላ፣ በሩዝ፣ በድንች፣ በማርና በስኳር ውስጥ በብዛት የሚገኝ ኃይል ሰጪ ንጥረ ነገር ነው። ሰውነት ይህን ወደ ግሉኮስ ይለውጠዋል፤ ግሉኮሱም ወደ ደም ይገባል። ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ግሉኮሱ ከደም ወጥቶ ወደ ሕዋሳት እንዲገባ ያደርጋል።

በአብዛኛው በቀን ከ130 ግራም በታች ካርቦሃይድሬት የሚወሰድበት አመጋገብ “ዝቅተኛ” ይባላል። በቀን ከ20 እስከ 50 ግራም ብቻ የሚፈቅደውና “ኪቶ” በሚል ስም የሚታወቀው ደግሞ እጅግ የጠበቀው ዓይነት ነው። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ምግብን መጠን ማሳነስ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሰውነት በዋናነት ከስብ በሚሠራው ኪቶን በተባለ ንጥረ ነገር እንዲንቀሳቀስ የሚያደርግ ነው። ሁለተኛውን ያለ ሕክምና ባለሙያ ክትትል መጀመር አይመከርም።

በገበታችን ላይ ሲሰላ

የእንጀራ ክብደት እንደ ምጣዱ ስፋትና እንደ ሊጡ ውፍረት ይለያያል። ከክብደቱ አብዛኛው ውኃ ሲሆን፣ በግምት አንድ ሦስተኛው ካርቦሃይድሬት ነው። ስለዚህ 300 ግራም የሚመዝን አንድ እንጀራ ወደ 100 ግራም የሚጠጋ ካርቦሃይድሬት ይይዛል። በቀን ሦስት ጊዜ አንድ አንድ እንጀራ የሚበላ ሰው ከእንጀራ ብቻ 300 ግራም ያህል ያገኛል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ማዕድ ግማሽ እንጀራ ቢበላ መጠኑ ወደ 150 ግራም ይወርዳል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው መጠጥ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። በቀን ሦስት ብርጭቆ ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው 36 ግራም ስኳር ወስዷል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥም ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ወደ ምግብና መጠጥ የሚጨመር ስኳር በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። እንጀራውን ትቶ ስኳሩን የሚቀጥል ሰው የተሻለውን ትቶ የባሰውን እንደያዘ ሊያውቅ ይገባል።

ጤፍ “ስኳር አይጨምርም” የሚለው አባባልም መታረም አለበት። ጤፍ ግሉተን የተባለው ፕሮቲን የለውም፤ በአሰርና በማዕድናትም የበለጸገ ነው። ይሁንና እንደ ሌሎቹ እህሎች ሁሉ ከደረቅ ክብደቱ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ካርቦሃይድሬት ነው። በዚህ ረገድ በነጭና በቀይ ጤፍ መካከል ጉልህ ልዩነት የለም። በሶ፣ ቆሎና ቂጣም ከዚሁ ወገን ናቸው።

በመጀመሪያው ሳምንት የሚወርደው በአብዛኛው ውኃ ነው

ሰውነት በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የተባለ የግሉኮስ ክምችት አለው። መጠኑ በአዋቂ ሰው 500 ግራም ያህል ሊደርስ ይችላል። እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ካርቦሃይድሬት ሲቀንስ ክምችቱ ይመናመናል፤ የያዘውም ውኃ በሽንት ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሚዛን ላይ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ግራም ቀንሶ የሚታየው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን የማያውቅ ሰው ሁለት ጊዜ ይሳሳታል። በመጀመሪያው ሳምንት “ስቡ ቀለጠ” ብሎ ይደሰታል። ከዚያ በሠርግ ወይም በበዓል አንድ ቀን እንደ ልቡ በልቶ ክብደቱ ሲመለስ ደግሞ “ከንቱ ለፋሁ” ብሎ ይተወዋል። በአንድ ቀን የተመለሰው ውኃ እንጂ ስብ አይደለም።

ድካምና ራስ ምታት ሊኖር ይችላል

ካርቦሃይድሬትን በአንድ ጊዜ በብዛት የቀነሰ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስ ምታት፣ ድካም፣ ብስጭት፣ ማዞርና የሆድ ድርቀት ሊገጥመው ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ስሜቶቹ ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይጠፋሉ። ለዚህ አንዱ ምክንያት ከውኃው ጋር ጨውም ከሰውነት መውጣቱ ነው። በቂ ውኃ መጠጣት፣ አትክልት መጨመርና ለውጡን ቀስ በቀስ ማድረግ ይረዳል። የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ሐኪም ሳያማክር ጨው መጨመር የለበትም።

ስሜቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ፣ ራስን እስከ መሳት ካደረሰ ወይም ትውከት ካለው “ሰውነቴ እየለመደ ነው” ብሎ መታገሥ አይገባም፤ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ከወር በኋላ እስከ ዓመት

ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኋላ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ግራም መቀነስ ጥሩ ውጤት ነው። ለሳምንታት ምንም ለውጥ የማይታይበት ጊዜም ይመጣል። ሰውነት ሲቀል የሚያስፈልገው ኃይል ስለሚያንስ ይህ የሚጠበቅ እንጂ የድክመት ምልክት አይደለም። በዚህ ወቅት ሚዛኑ ባይንቀሳቀስም የወገብ ልኬት ሊቀንስ ስለሚችል በወር አንድ ጊዜ ወገብን በሜትር መለካት ይጠቅማል።

እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸውን፣ የስኳር ሕመም የሌለባቸውን 609 አዋቂዎች በሁለት ከፍሎ ለ12 ወራት ተከታትሏል። አንደኛው ቡድን ካርቦሃይድሬት፣ ሌላው ስብ ቀንሷል። ሁለቱም ቡድኖች ስኳርና የተፈተገ ዱቄት እንዲቀንሱ፣ አትክልት እንዲያበዙ ተመክረዋል። በዓመቱ መጨረሻ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት በአማካይ 6 ኪሎ ግራም፣ ስብ የቀነሱት 5 ነጥብ 3 ኪሎ ግራም ቀንሰዋል፤ ልዩነቱም ትርጉም ያለው ሆኖ አልተገኘም። በየቡድኑ ውስጥ ግን በሰውና በሰው መካከል ሰፊ ልዩነት ታይቷል፤ ከ20 ኪሎ ግራም በላይ የቀነሱ እንዳሉ ሁሉ ክብደት የጨመሩም ነበሩ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ሰው ሊዘልቅበት የሚችለው አመጋገብ ከሁሉም የተሻለ መሆኑን ነው።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው

ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ካርቦሃይድሬት ሲቀንስ የደም ስኳሩ በቀናት ውስጥ ሊወርድ ይችላል። ጥቅሙ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ጎልቶ የሚታይ ሲሆን፣ ዓመት ሲሞላ ከሌሎች አመጋገቦች ጋር ያለው ልዩነት እየጠበበ ይሄዳል። አንዳንዶች የመድኃኒት መጠናቸው በሐኪም ይቀነስላቸዋል። ይህ ማለት ግን ሕመሙ ድኗል ማለት አይደለም፤ የቀድሞው አመጋገብና ክብደት ሲመለስ የደም ስኳሩም ሊመለስ ይችላል።

ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ እንክብል የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን እንደነበረ ይዞ እንጀራውን በግማሽ ቢቀንስ የደም ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ድንገተኛ ረሃብና ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው። በዚህ ጊዜ ታማሚው መዋጥ የሚችል ከሆነ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም ስኳሩን መለካት ይገባል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም ሳይሰጡ በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል።

መፍትሔው መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥም አይደለም። አመጋገቡን ከመቀየር በፊት ከሐኪም ጋር ተማክሮ መጠኑን ማስተካከል ነው። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱም ግፊታቸው ሊወርድ ስለሚችል ክትትል ያስፈልጋቸዋል።

ለማን አይመከርም?

ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ እናቶች፣ ሕፃናትና ታዳጊዎች፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም ያለባቸው፣ ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ያለባቸው እንዲሁም ክብደታቸው ዝቅተኛ የሆነ ሰዎች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይህን አመጋገብ መጀመር የለባቸውም።

ቀኑን ሙሉ የሚያርስ፣ የሚያጭድና የሚወቃ አርሶ አደርም ሁኔታው ቢሮ ተቀምጦ ከሚውለው የተለየ ነው። ከእንጀራውና ከቂጣው የሚያገኘውን ኃይል በጉልበት ሥራ ያወጣዋል። ጤነኛ የሆነና ከመጠን ያለፈ ክብደት የሌለው አርሶ አደር እህል የሚቀንስበት ምክንያት የለውም። የስኳር ሕመም ያለበት አርሶ አደር ደግሞ የክረምት እርሻና የመኸር አጨዳ ሥራው የደም ስኳሩን በራሱ ስለሚያወርድ፣ አመጋገቡን ከመቀየሩ በፊት የሥራ ወቅቱን ለሐኪሙ መንገር ይኖርበታል። ወደ ማሳ ሲወጣም ስኳር ወይም ከረሜላ በኪሱ ቢይዝ መልካም ነው።

ጾምና ወጪ

ስለ ካርቦሃይድሬት ቅነሳ የሚሰጡ ምክሮች በአብዛኛው ሥጋ፣ እንቁላልና አይብ ላይ ያተኮሩ ናቸው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በዓመት ከ180 ቀናት በላይ ለሚጾም ምእመን ይህ አያዘልቅም። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ምስር፣ ሽምብራ፣ አተርና ባቄላ ዋነኛ የፕሮቲን ምንጮች ናቸው። ጥራጥሬዎቹ ካርቦሃይድሬት ቢኖራቸውም ፕሮቲንና አሰር ስላላቸው የደም ስኳርን እንደ ነጭ ዳቦ በፍጥነት አይጨምሩም። ስለዚህ በጾም ወቅት ግቡ ካርቦሃይድሬትን ማጥፋት ሳይሆን እንጀራውን አሳንሶ ወጡንና ጎመኑን ማብዛት ሊሆን ይገባል። ሰሊጥ፣ ተልባ፣ ለውዝና አቮካዶም ይረዳሉ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ጥራጥሬ ለመጨመር ሲባል ጓያን የዘወትር ምግብ ማድረግ አይገባም። ጓያን ለረጅም ጊዜ በብዛት መመገብ እግርን ሽባ የሚያደርግ ሕመም ያስከትላል።

በረመዳን ወር ደግሞ ማፍጠሪያ ላይ ቴምር፣ ሳምቡሳና ጣፋጭ መጠጥ በአንድ ጊዜ ሲደራረቡ የደም ስኳር በፍጥነት ይጨምራል። መድኃኒት የሚወስዱ ጿሚዎች አስቀድመው ከሐኪማቸውና ከሃይማኖት አባቶቻቸው ጋር ቢመክሩ ይመረጣል።

ወጪውም መታሰብ አለበት። እንጀራውን በሥጋ ለመተካት የሚነሳ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ከወር አያልፍም። የጓሮ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ቲማቲምና ዝኩኒ፣ እንዲሁም ጥቂት ዶሮዎች ያሉት ቤት ግን ያለ ብዙ ወጪ ገበታውን ሊለውጥ ይችላል። እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን ሲኖረው ካርቦሃይድሬቱ ከአንድ ግራም በታች ነው። ቅቤና ዘይት ካርቦሃይድሬት ባይኖራቸውም አንድ ግራም ስብ ከአንድ ግራም ካርቦሃይድሬት በእጥፍ የሚበልጥ ኃይል አለው፤ ቅቤ ማብዛትም በአንዳንድ ሰዎች ላይ ጎጂውን ኮሌስትሮል ይጨምራል።

ከምን ይጀመር?

በመጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ የደም ስኳርን፣ የደም ግፊትንና ክብደትን መለካት ይገባል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሻይ ስኳርንና ለስላሳ መጠጥን መተው፣ ጠላንና ጠጅን መቀነስ በቂ ነው። ቀጥሎ የእራት እንጀራን በግማሽ ማሳነስና ጎደሎውን በጎመንና በወጥ መሙላት ይቻላል። ይህ ሲለመድ ወደ ምሳ ይታለፋል። ክብደት በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት ቢለካ በየዕለቱ ከሚደረግ ምዘና የተሻለ መረጃ ይሰጣል። ከሦስት ወር በኋላ ምርመራውን በድጋሚ በማድረግ ውጤቱን ከመጀመሪያው ጋር ማነጻጸር ይገባል።

በቤት ውስጥ ለአንድ ሰው ብቻ ለብቻው ማብሰል እናቶችን ያደክማል፤ የጋራውን ማዕድም ይለያያል። እንጀራው ለሁሉም ቀርቦ የሚቀንሰው ሰው ከፊቱ ያለውን ማሳነሱ፣ ቤተሰቡም “ብላ እንጂ” እያለ አለመጫኑ ለውጡን ቀላል ያደርገዋል። ጉርሻ የፍቅር መግለጫ ነው፤ ሐኪም ቀንስ ላለው ሰው ግን ጎመን በዝቶበት እንጀራው ያነሰ ጉርሻም ያው ፍቅር ነው።