የምርመራ መጠየቂያ፦ ሐኪሙ ጋ ከመድረሱ በፊት የሚወሰነው ጉዳይ

በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ በአጭሩ ቪኤ በሚባለው፣ ሠራተኞች በየቀኑ የሚጠቀሙበት «ኤግዛም ሪኩዌስት» የሚባል ቃል አለ። በውትድርና ሳለ የተጎዳ ወይም የታመመ ሰው የካሳ ማመልከቻ ሲያስገባ፣ ጉዳዩን የያዘው ሠራተኛ «ይህን ሰው መርምራችሁ ይህን መልሱልን» ብሎ ለሐኪም የሚልከው ጽሑፍ ነው። በአማርኛ «የምርመራ መጠየቂያ» ልንለው እንችላለን።

«የምርመራ ማዘዣ» የሚለው ለጆሮ ቢቀርብም እዚህ ቦታ አይሆንም። ማዘዣ የሚጽፈው ሐኪም ነው፤ ዓላማውም ማከም ነው። መጠየቂያውን የሚጽፈው ግን ሐኪም ያልሆነ የቢሮ ሠራተኛ ሲሆን የሚፈልገውም ማስረጃ ነው። በዚህ ምርመራ መድኃኒት አይታዘዝም። ውጤቱ የሚሄደውም ካሳውን ለሚወስነው ክፍል ነው። የዕቃ መጠየቂያ፣ የፈቃድ መጠየቂያ ለሚል የቢሮ ሰው ቃሉ እንግዳ አይሆንበትም።

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ሕግ፣ ቪኤ አመልካቹን ማስረጃ በማሰባሰብ የመርዳት ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ምርመራም የዚሁ ግዴታ አካል ነው። ሆኖም ላመለከተ ሁሉ ምርመራ አይጠየቅም። አሁን ያለ ሕመም ወይም ምልክቱ፣ በአገልግሎት ዘመን የደረሰ ነገር፣ ሁለቱ ሊያያዙ እንደሚችሉ የሚጠቁም ፍንጭ መኖር አለበት። ማኅደሩ ውስጥ ያለው ማስረጃም ለውሳኔ የማይበቃ መሆን ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 የጸደቀው ፓክት የተባለው ሕግ ለመርዛማ ጭስና ለኬሚካል የተጋለጡ ወታደሮችን መብት ስላሰፋ፣ ማመልከቻውም መጠየቂያውም በዝቷል።

መጠየቂያው ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚፈልግ በአንድ ምሳሌ እንየው። አመልካቹ በአገልግሎት ላይ ሳለ የግራ ጉልበቱ ተጎድቶ ካሳ ያገኛል እንበል። አሁን ደግሞ «ሳነክስ ኖሬ ወገቤን አመመኝ» ብሎ አመለከተ። ሠራተኛው «ወገቡን መርምሩ» ብሎ ቢልክ ሐኪሙ ወገቡ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ለክቶ ይመልሳል፤ ሕመሙ ከምን እንደመጣ ግን ማንም አልጠየቀውም። ስለዚህ ማኅደሩ እንደገና ወደ ሐኪም ይሄዳል፤ አመልካቹም ወራት ይጨመሩበታል። ትክክለኛው መጠየቂያ እንዲህ ይላል፦ «የወገቡ ሕመም በግራ ጉልበቱ ጉዳት የመጣ ወይም የተባባሰ የመሆኑ ዕድል፣ ካለመሆኑ ዕድል ቢያንስ እኩል ነው ወይ? ምክንያቱን ያብራሩ።» ሕጉ የሚጠይቀው የማስረጃ ሚዛንም ይኸው ነው።

መርማሪውም ቢሆን ማንም ሰው ሊሆን አይችልም። ለመስማት ችግር የሚመረምረው ፈቃድ ያለው የመስማት ባለሙያ መሆን አለበት፤ ሜሪላንድ ሲኤንሲ የተባለውን የቃላት መለያ ፈተናም መስጠት ይኖርበታል። ይህ ከጎደለ ውጤቱ ለካሳ ስሌት አይሆንም። ሐኪሙ የሚሞላው ቅጽም እንደ ሕመሙ ዓይነት ይለያያል፤ ዲቢኪው የሚባሉት እነዚህ ቅጾች በደርዘን የሚቆጠሩ ናቸው።

የሶፍትዌር ሥራ እዚህ ላይ ይመጣል። የአመልካቹ ማኅደር ቪቢኤምኤስ በሚባል ሥርዓት ውስጥ ተቀምጦ፣ ወደ ቪኤ ሆስፒታሎች የሚላከው መጠየቂያ ደግሞ ካፕሪ በሚባል ሌላ ፕሮግራም ሲጻፍ ቆይቷል። ከአንዱ እያነበቡ ወደ ሌላው መገልበጥ ጊዜ ይበላል፤ ግራው ቀኝ ሆኖ የሚጻፈውም እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ጥሩ ሶፍትዌር ሕመሙ ሲመረጥ ተገቢውን ቅጽና የመርማሪውን ዓይነት ራሱ ያመጣል። ስለዚያው ሕመም ያልተዘጋ ሌላ መጠየቂያ ካለ ያስጠነቅቃል። ሐኪሙ ማንበብ ያለበትን ገጽ ሠራተኛው እንዲያመለክት ያስገድዳል። አድራሻው የቆየ ከሆነም ሳይላክ ይጠይቃል።

ከሁሉ በፊት ግን «ምርመራው በእርግጥ ያስፈልጋል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ማስቀደም አለበት። መጠየቂያ መላክን አንድ ቁልፍ የመጫን ያህል ያቀለለ ንድፍ፣ ማኅደሩ ውስጥ በቂ የሐኪም ማስረጃ ላለው ሰው ጭምር ቀጠሮ ያስይዛል። በሽተኛው በከንቱ ይመላለሳል፤ ወረፋውም ይረዝማል። ስለዚህ የሶፍትዌሩ ስኬት የሚለካው በቀን ስንት መጠየቂያ እንደተላከ ሳይሆን ስንቱ «ያልተሟላ» ተብሎ እንደተመለሰ ነው። ወሳኙን ጥያቄ የሚጽፈው አሁንም ሰው ነው፤ ማሽኑ እንዳይረሳ ያስታውሰዋል።

በአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለገላችሁ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ማመልከቻ ስታስገቡ የትኛው ሕመም ከየትኛው እንደመጣ፣ ግራ ይሁን ቀኝ፣ በግልጽ ጻፉ። ቀጠሮውን የሚይዝላችሁ ቪኤ ራሱ ላይሆን ይችላል፤ በኮንትራት የሚሠራ ድርጅት ሊደውልላችሁ ይችላልና አድራሻችሁንና ስልካችሁን አሳድሱ። ያለ በቂ ምክንያት ከቀጠሮ የቀረ ሰው፣ የመጀመሪያ ማመልከቻው ከሆነ በማኅደሩ ባለው ማስረጃ ብቻ ይወሰንበታል። ካሳው እንዲጨመርለት ያመለከተ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ውድቅ ይደረጋል።