የመንዝ ጓሳና የጣና መረብ

ከመሐል ሜዳ አቅራቢያ በሚገኘው በመንዝ ጓሳ፥ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ «ቄሮ» በተባለ ሥርዐት ይተዳደሩ ነበር። ሣሩ ከ3 እስከ 5 ዓመት ተከልክሎ ይቆይና በተቈረጠ ቀን በአንድነት ይታጨድ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ሥርዐቱ ፈረሰ፤ ጓሳውም ጠባቂ አጥቶ ተጎዳ። ኋላ ግን ሕዝቡ ተመካክሮ ጥበቃውን መለሰ።

የጣና ሐይቅ ታሪክም ከዚህ ጋር ይነጻጸራል። የወይጦ አጥማጆች በደንገል ታንኳ ከዳር ሳይርቁ ያጠምዱ ስለ ነበር፥ የመሣሪያው ደካማነት ራሱ ለዓሣው ከለላ ሆኖት ኖረ። በ1978 ዓ.ም. ገደማ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ገቡ፤ የአጥማጁም ድካም ቀለለ። ይሁን እንጂ ባርበስ የተባለው የዓሣ ወገን በክረምት እንቍላሉን ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ሲወጣ፥ መረቡ በወንዞቹ አፍ ይጠብቀው ጀመር። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ዘመን ቍጥሩ ከግማሽ በላይ ቀነሰ።

መረብ በረከሰ መጠን ዓሣ ይወደዳል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት አዋጅ ቍጥር 315 ደንቡን ደንግጓል፤ ደንብ የሚጸናው ግን፥ መንዝ እንዳስተማረን፥ ተጠቃሚው ራሱ ዘብ ሲቆምለት ነው።