የጥንት ብዕሮች አሠራርና አጠባበቅ

አንድ አሮጌ ብዕር ከመታጠቡና ከመወልወሉ በፊት ቀፎው ከምን እንደ ተሠራ መታወቅ አለበት። ብዕር ሠሪዎች በስድሳ ዓመታት ገደማ ውስጥ ሦስት ዐበይት ቁሶችን አፈራርቀዋልና፣ ለአንዱ የሚበጀው ማጽጃ ለሌላው ጥፋት ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው ቁስ ኤቦናይት ነው። ቻርልስ ጉድይር ጎማን ከድኝ ጋር በማሞቅ የማጠንከርን ዘዴ በ1844 (እ.ኤ.አ.) ካስመዘገበ በኋላ፣ ወንድሙ ኔልሰን በ1851 የድኙን መጠን አብዝቶ እንደ ቀንድ የጠነከረ ጎማ አስገኘ። ሉዊስ ዋተርማን ቀለሙን ወደ ጫፉ የሚያወርደውን ክፍል በ1884 ካስመዘገበ ወዲህ እስከ 1920ዎቹ ድረስ አብዛኞቹ ብዕሮች የተሠሩት ከዚሁ ቁስ ነበር። ሆኖም በውስጡ ያለው ድኝ ብርሃንና እርጥበት ሲያገኘው ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ ሰልፈሪክ አሲድ ይፈጥራል፤ ጥቁሩም መልክ ወደ ቡናማ ይለወጣል። ስለዚህ የኤቦናይት ቀፎን በሙቅ ውኃ የሚዘፈዝፍ ሰው ቆሻሻውን ያስለቀቀ እየመሰለው መልኩን ያጠፋዋል።

ሁለተኛው ሴሉሎይድ ነው። የሼፈር ኩባንያ በ1924፣ ፓርከርም በ1926 ይህን ባለ ልዩ ልዩ ኅብር ቁስ ለብዕር አዋሉት። ሴሉሎይድን አሴቶንና አልኮል ያሟሙታል፤ በእሳትም በቀላሉ ይያያዛል። ሦስተኛው በ1941 ለገበያ የቀረበው የ«ፓርከር 51» አክሪሊክ ሲሆን፣ ቶሎ የሚደርቀውን አዲስ ቀለም እንዲቋቋም የተመረጠ ነው። እርሱም ቢሆን አልኮል ሲነካው ይሰነጣጠቃል።

እንግዲህ ለሦስቱም የሚስማማው ማጽጃ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ነው። ውኃው እየተሞላና እየፈሰሰ፣ ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ ውስጡ ይታጠባል፤ የኤቦናይቱ ቀፎ ግን ወዲያው ይደርቃል። የጎማ ከረጢቱ ደርቆ ከሆነ የመሙያውን ማንሻ በኃይል ማንሳት ሊሰብረው ስለሚችል፣ አስቀድሞ ከረጢቱን ማስለወጥ ይገባል።

ጆን ሆኪንስና ሳምፕሰን ሞርዳን በ1822 ያስመዘገቡት በመዘውር የሚሠራ እርሳስ ዘሮች ደግሞ ውስጣቸው ውኃ አይወድም፤ ተሰብሮ የቀረው እርሳስ በቀጭን ሽቦ ይወጣል። የብር ልባጥ ያላቸው በማንጸባረቂያ በተወለወሉ ቁጥር ልባጡ ይሳሳል።

መወልወል በመሠረቱ መፋቅ ነው። በቀፎው ላይ በስሱ የታተሙት የሠሪው ስምና የምዝገባው ቀን የዕቃው የልደት ምስክሮች ናቸው። የደበዘዘ ብዕር እንደ ደበዘዘ ይጽፋል፤ የተፋቀ ጽሑፍ ግን አይመለስም።