ከልጆች ጋር በወንዝ ዳር ማደር፦ የመጀመሪያውን የካምፕ ሥፍራ እንዴት መምረጥ ይቻላል?

በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲቃረብ፣ ልጆች ከክፍል ጓደኞቻቸው ሰምተው ወደ ቤት ይዘውት ከሚመጡት ጥያቄ አንዱ “እኛስ ካምፒንግ የምንሄደው መቼ ነው?” የሚል ነው። ከኢትዮጵያ ለመጡ ብዙ ወላጆች ግን ድንኳን የሠርግ፣ የለቅሶ ወይም የተፈናቃይ መጠለያ እንጂ የመዝናኛ ማደሪያ ሆኖ አያውቅም። ስለዚህም የመጀመሪያውን ጉዞ የሚያቅዱት ያለ ልምድ ነው።

ብዙ ጊዜ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው በወንዝ ዳር ሥፍራዎች ላይ ነው። ውሃው ለልጆች መጫወቻ፣ ለአዋቂዎች የመንፈስ ማረፊያ ነው። ይሁንና በወንዝ ዳር መዋልና በወንዝ ዳር ማደር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቀን በእርጋታ ሲፈስ የታየው ወንዝ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ሌላ ወንዝ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በመሆኑም ከዋጋውና ከዕይታው ውበት በፊት ሊቀድም የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፦ ውሃው በሌሊት ቢሞላ፣ ቤተሰቡ በጨለማ በእግሩ ወደ ከፍታ መውጣት ይችላል?

ዝናቡ ሌላ ቦታ፣ ጎርፉ ግን እዚህ

ለጥያቄው ቅድሚያ መስጠት የሚያስፈልገው ከዚህ በፊት የደረሱ አደጋዎች በተመሳሳይ መንገድ የተከሰቱ በመሆናቸው ነው።

እ.አ.አ ሰኔ 11 ቀን 2010 ከንጋት በፊት፣ በአሜሪካዋ የአርካንሳስ ግዛት አልበርት ፓይክ በተባለ የመዝናኛ ሥፍራ ቤተሰቦች በድንኳንና በተጎታች ቤቶች ውስጥ ተኝተው ነበር። ሊትል ሚዙሪ የተባለው ወንዝ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሞልቶ ሥፍራውን አጥለቀለቀው። ሕፃናትን ጨምሮ 20 ሰዎች ሞቱ። የጎርፍ ማስጠንቀቂያ በሌሊቱ ወጥቶ ነበር፤ ሥፍራው ግን የሞባይል ስልክ በማይሠራበት ሸለቆ ውስጥ ነበር።

እ.አ.አ ሐምሌ 4 ቀን 2025 ንጋት ላይ ደግሞ በቴክሳስ የጓዳሉፔ ወንዝ በ45 ደቂቃ ውስጥ 8 ሜትር ያህል መጨመሩን የግዛቲቱ ባለሥልጣናት ተናግረዋል። በማዕከላዊ ቴክሳስ በደረሰው ጎርፍ ከ130 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህ መካከል 27ቱ ካምፕ ሚስቲክ በተባለ የልጃገረዶች የበጋ ካምፕ የነበሩ ልጆችና አስተባባሪዎች ናቸው።

በስፔን ቢየስካስ አቅራቢያ እ.አ.አ ነሐሴ 7 ቀን 1996 ምሽት በአንድ የካምፕ ሥፍራ 87 ሰዎች ሞተዋል። ሥፍራው የተሠራው ከተራራ የሚወርድ ጅረት ደለሉን በሚዘረጋበት ሜዳ ላይ ነበር። ከዓመታት በኋላ የስፔን ፍርድ ቤት የመንግሥት አካላትን ተጠያቂ አድርጎ ለተጎጂ ቤተሰቦች ካሳ እንዲከፈል ወስኗል። ፈቃድ ያለው የካምፕ ሥፍራ ሁሉ ከጎርፍ የተጠበቀ ነው ማለት እንደማይቻል ጉዳዩ ያሳያል።

የኢትዮጵያ አንባቢዎች ይህን በድሬዳዋ ያውቁታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ በሐምሌ ወር መጨረሻ፣ ዝናቡ በዋናነት የጣለው በሐረርጌ ከፍተኛ ቦታዎች ላይ ሲሆን፣ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ሆኖ የሚታየው የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ደራሽ ጎርፍ የሚባለውም ለዚህ ነው፦ ከራስ በላይ ያለው ሰማይ ጥርት ብሎ እያለ፣ ከወንዙ ላይኛው ተፋሰስ የጣለ ዝናብ ከሰዓታት በኋላ ይደርሳል።

ችግሩን የሚያባብሰው ወንዝ ዳር ማደርን ማራኪ የሚያደርገው ነገር ራሱ ነው። እንቅልፍ የሚያመጣው የውሃ ድምፅ፣ ውሃው ሲጨምርም ሆነ ጎረቤት ሲጮህ እንዳይሰማ ያደርጋል።

ከካርታው ላይ ምን ይታያል?

ቦታ ከመያዝዎ በፊት ከቤትዎ ሆነው የሚያጣሯቸው ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ከፍታ ነው። ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ከወንዙ ምን ያህል ከፍ ይላል? ከወንዙ ጋር በአንድ ደረጃ ላይ ያለ ለጥ ያለ ሜዳ ለድንኳን የሚመች ይመስላል። ሜዳውን እንዲህ ያስተካከለው ግን ብዙ ጊዜ ወንዙ ራሱ ነው፤ በሞላ ቁጥር ደለሉን እያነጠፈ ሠርቶታል።

ሁለተኛው መውጫ መንገድ ነው። ወደ ሥፍራው የሚያስገባው መንገድ አንድ ብቻ ከሆነና በዝቅተኛ ድልድይ የሚያልፍ ከሆነ፣ ጎርፍ ሲመጣ ቀድሞ የሚዘጋው እሱ ነው። የአሜሪካ የአየር ሁኔታ አገልግሎት እንደሚያስረዳው፣ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ጎርፍ አዋቂን ሰው ሊጥል፣ 30 ሳንቲ ሜትር ትንንሽ መኪናዎችን፣ 60 ሳንቲ ሜትር ደግሞ አብዛኞቹን ተሽከርካሪዎች ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ በእግር የሚወጣበት ዳገት በቅርብ መኖሩ ከመኪና መንገዱ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የስልክ ኔትወርክ ነው። የአደጋ መልእክት በሞባይል የሚደርሰው ስልኩ ሲሠራ ብቻ ነው። ኔትወርክ በሌለበት፣ በባትሪ የሚሠራና የአየር ሁኔታ አገልግሎቱን ሥርጭት የሚቀበል ሬዲዮ ይዞ መሄድ ይበጃል።

በአሜሪካ ለሚኖሩ የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ አስተዳደር ኤጀንሲ፣ ፌማ፣ የጎርፍ ካርታዎች በነጻ ይገኛሉ። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ደግሞ በብዙ ወንዞች ላይ በተከላቸው መለኪያዎች የውሃውን ከፍታ በኢንተርኔት ያሳውቃል።

በስልክዎ ላይ የሚመጡትን ሁለት ቃላትም መለየት ይገባል። “ፍላሽ ፍለድ ዎች” ማለት ለደራሽ ጎርፍ የሚያመች ሁኔታ አለ፣ ተዘጋጁ ማለት ነው። “ፍላሽ ፍለድ ዎርኒንግ” ግን ጎርፉ ተጀምሯል ወይም ሊጀምር ነው፣ አሁኑኑ ወደ ከፍታ ውጡ ማለት ነው። የመጀመሪያው ከጉዞ በፊት ከወጣ፣ ልምድ የሌለው ቤተሰብ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ ቢያስተላልፍ ይመረጣል። የቦታ ኪራይ ቢቃጠልም ኪሳራው ትንሽ ነው።

ለጀማሪ የሚስማማው የትኛው ነው?

በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያሉትን አማራጮች ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል።

በቨርጂኒያ ፍሮንት ሮያል አቅራቢያ የሚገኘው የሸናንዶዋ ሪቨር ስቴት ፓርክ ከዋና ከተማዋ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይርቃል። በሸናንዶዋ ወንዝ ደቡባዊ ገባር ዳር ከ8 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘልቃል። በውስጡ ሁለት ዓይነት ማደሪያ አለ፦ ለድንኳን ብቻ የተለየ የወንዝ ዳር ሥፍራ፣ እንዲሁም ከወንዙ ራቅ ብሎ ውሃና ኤሌክትሪክ የገባለት ሥፍራ።

የፖቶማክን ወንዝ ተከትሎ 297 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝመው የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ በእግርና በብስክሌት ለሚጓዙ የተዘጋጁ ቀላል ማደሪያዎች ይገኛሉ። አብዛኞቹ መኪና አይደርስባቸውም፤ ዕቃ ሁሉ በሸክም ይገባል። ለጠነከሩ ተጓዦች ተስማሚ ቢሆኑም፣ ሕፃን ላለው ጀማሪ ቤተሰብ ግን ይከብዳሉ።

ለመጀመሪያ ጉዞ የሚመከረው መሃከለኛው መንገድ ነው፦ ወንዝ ባለበት ፓርክ፣ ከወንዙ ከፍ ብሎ ባለ ሥፍራ ማደር። ቀኑን ወንዝ ዳር ውለው ማታ ወደ ላይ ይመለሳሉ። ሌላም ጥቅም አለው። ቀዝቃዛ አየር ሌሊት ወደ ሸለቆ ስለሚወርድ፣ ከውሃው አጠገብ ብርዱና ጤዛው ይበረታል። ልጆች ሌሊት የሚነቁት ብዙ ጊዜ ከሥር በሚመጣ ቅዝቃዜ ነው። ስለዚህ ከብርድ ልብሱ እኩል፣ ከመሬቱ የሚለይ ፍራሽ ወይም ወፍራም ምንጣፍ ያስፈልጋል።

ከዚህ ሌላ የሚታዩት የንጹሕ መጠጥ ውሃ መኖር፣ የመጸዳጃ ቤቱ ርቀትና የመኪናው ቅርበት ናቸው። ድንኳኑ ከመጸዳጃ ቤት በጣም ሲርቅ ለልጆች ይቸግራል፤ በጣም ሲቀርብ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ እግረኛ ያልፋል። የወንዝ ውሃ ጥርት ብሎ ቢታይም ሳይፈላ አይጠጣም። ለአንድ ደቂቃ ያህል መንተክተክ አለበት፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ደግሞ ለ3 ደቂቃ።

የቨርጂኒያ ስቴት ፓርኮች ቦታ ለመያዝ እስከ 11 ወር አስቀድመው ይፈቅዳሉ፤ ብዙዎቹ የፌዴራል ሥፍራዎች ደግሞ እስከ 6 ወር። ቅዳሜና እሑድ ቶሎ ስለሚያልቁ የሥራ ቀናት ይቀላሉ። በአንድ የድንኳን ቦታ የሚፈቀደው የሰው ቁጥር የተወሰነ ነው፤ በቨርጂኒያ 6 ሰው ወይም አንድ ቤተሰብ ነው። ዘመድ አዝማድ ተሰባስቦ ለመሄድ ከታሰበ የቡድን ሥፍራ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድምፅ መቀነስ ግዴታ መሆኑንም ማወቅ ይገባል።

ልጆችና ውሃው

ወንዝ የመዋኛ ገንዳ አይደለም። ላዩ የረጋ መስሎ ከሥር ይጎትታል፤ ወለሉም አንድ እርምጃ ላይ በድንገት ሊጠልቅ ይችላል። በዋሽንግተን አቅራቢያ ባለው የግሬት ፎልስ ፓርክ በፖቶማክ መዋኘት ብቻ ሳይሆን እግርን ነክሮ መቆምም የተከለከለው ለዚህ ነው።

ዋና የማይችል ልጅ በውሃው አጠገብ ሲሆን በልኩ የተሠራና የታሰረ የሕይወት አድን ጃኬት ይልበስ። በአየር የሚነፉ መጫወቻዎች ምትክ አይሆኑም። አዋቂዎች ተራ ገብተው አንድ ሰው ያለ ስልክና ያለ ወሬ ልጆችን ብቻ ይጠብቅ። ብዙ ሰው ባለበት ሁሉም ሌላው የሚያይ ስለሚመስለው፣ የሚጠብቅ ሰው ሳይኖር ሊቀር ይችላል።

ከሰል፣ ቡናና ድንኳን

ኢትዮጵያውያን በሚያዘጋጁት ጉዞ ጀበና አይቀርም፤ ከጀበናው ጋር ከሰል ይመጣል። እዚህ ላይ ጥብቅ መሆን ያስፈልጋል። ከሰል በድንኳን ውስጥም ሆነ በድንኳኑ በረንዳ ላይ ፈጽሞ አይነድም። ጭሱ ጠፍቶ የፋመ ከሰል እንኳ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን፣ ሽታና ቀለም የሌለውን መርዛማ ጋዝ ያመነጫል። ዝናብ ሲመጣ ወይም ሲበርድ ማንደጃውን ወደ ውስጥ ማስገባት የተኙትን ሳይነቁ ሊገድል ይችላል። የጋዝ ምድጃም እንዲሁ ነው። ቡናው ውጭ፣ በተፈቀደው የእሳት ቦታ ይፈላ፤ ፍሙም በውሃ ጠፍቶ በእጅ ሲቀርቡት ቅዝቃዜው እስኪታወቅ ድረስ አይተው።

ማገዶ ከቤት ይዞ መሄድ በብዙ ቦታ የተከለከለ ወይም የማይመከር ነው። ዛፍ የሚያደርቁ ነፍሳት በእንጨት ውስጥ ስለሚጓጓዙ፣ ማገዶውን እዚያው አካባቢ መግዛት ይመረጣል። ጥቁር ድቦች ባሉበት እንደ ሸናንዶዋ ባለ አካባቢ ምግብ፣ የጥርስ ሳሙናም ሳይቀር፣ በተቆለፈ መኪና ወይም በተዘጋጀው ሳጥን ውስጥ እንጂ በድንኳን ውስጥ አይቀመጥም። ማታ ማታ ደግሞ የልጆችን ብብት፣ ከጉልበት ጀርባና የፀጉር ሥር መመልከት ያስፈልጋል፤ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ግዛቶች መዥገር ላይም የተባለውን በሽታ ያስተላልፋል።

በሌሎች ሀገሮች ለሚኖሩ

በባሕረ ሰላጤው ሀገሮች ወንዝ የሚባለው ብዙ ጊዜ ደረቅ ሸለቆ፣ ዋዲ ነው። ደረቅ መሆኑ ግን ያዘናጋል። የተባበሩት አረብ ኤሚሬቶች እ.አ.አ በ2023 ባወጣችው ደንብ፣ ጎርፍ ወደገባበት ሸለቆ መኪና የሚያስገባ ሰው 2,000 ድርሃም ይቀጣል፤ 23 የጥፋት ነጥብ ይመዘገብበታል፤ መኪናውም ለ60 ቀን ይያዛል። በዝናብ ወቅት በሸለቆዎችና በግድቦች አጠገብ መሰባሰብም ያስቀጣል። በእስራኤል እ.አ.አ ሚያዝያ 26 ቀን 2018 በሙት ባሕር አቅራቢያ በናሃል ጻፊት ሸለቆ በእግር ይጓዙ የነበሩ 10 ወጣቶች በደራሽ ጎርፍ ሞተዋል።

በአውሮፓ የሕጉ ልዩነት ሰፊ ነው። በስዊድንና በኖርዌይ ሕዝቡ በተፈጥሮ የመጠቀም መብት ስላለው፣ ከመኖሪያ ቤቶች ርቆ ለአጭር ጊዜ ድንኳን መትከል ይቻላል። በአብዛኛው የእንግሊዝ ክፍል ግን የባለመሬቱ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ቦታ ከመያዝዎ በፊት የሚጠይቋቸው

ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ስልክ ደውሎ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ አያሳፍርም። ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው፦

• ይህ የድንኳን ቦታ ከዚህ በፊት በጎርፍ ተይዞ ያውቃል? መቼ?
• ሌሊት ጎርፍ ቢመጣ የሚቀሰቅሰን ማን ነው? የማስጠንቀቂያ ደወል ወይም ሌሊት የሚያድር ጠባቂ አለ?
• በእግር ወደ ከፍታ የሚያወጣው መንገድ በየት በኩል ነው?
• የሞባይል ስልክ ይሠራል? ከላይ በኩል ውሃ የሚለቅ ግድብ አለ?
• የመጠጥ ውሃና መጸዳጃ ቤቱ በዚህ ወቅት ክፍት ናቸው?

ሥፍራው ላይ ከመጨለሙ 3 ሰዓት ቀደም ብሎ መድረስ ተገቢ ነው። ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት ዙሪያውን ይመልከቱ። በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ደረቅ ሣርና ጉድፍ ካዩ፣ ያለፈው ጎርፍ የደረሰበት ከፍታ እሱ ነው። ከዚያም ልጆቹን ይዘው፣ ብርሃን ሳለ፣ ወደ ከፍታው የሚያወጣውን መንገድ አንዴ በእግር ይሂዱበት። ጫማና የእጅ ባትሪ በእያንዳንዱ ሰው ራስጌ፣ የመኪናው ቁልፍም ሁሉም በሚያውቀው አንድ ቦታ ይቀመጥ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሌሊት በቂ ነው፤ በሰላም ያደሩ ልጆች ሁለተኛውን ጉዞ ራሳቸው ይጠይቃሉ።