ቆሞ መነሳት፦ የሩጫ መነሻ ታሪክና የሰሜን ሸዋ ደጋ ትምህርት ቤቶች

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋማ አገሮች ሩጫ የሚያስተምር መምህር ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ የመሬት ጥያቄ ነው። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ክረምቱ ጭቃ፣ ኅዳርና ታኅሣሡ ውርጭ ነው። መርሐቤቴ ደግሞ በጀማና በወንጪት ሸለቆዎች መካከል የተንጠለጠለ አገር ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ መምህሩ በሣሩ ላይ መስመር አስምሮ ተማሪዎቹ ቆመው እንዲነሱ ሲያዝ፣ የተሟላ መም ያላቸው ትምህርት ቤቶች የተዉትን ዘዴ በችግር ምክንያት የሚያስተምር ይመስለው ይሆናል። የአነሳስ ታሪክ ግን ይህን ግምት አይደግፍም።

በጥንታዊቷ ኦሊምፒያ ሯጮች ይነሱ የነበረው ቆመው ነው። እስከ ዛሬ በሚታየው የድንጋይ መነሻ ላይ ሁለት ትይዩ ቦዮች ተቀርጸዋል። ሯጩ የእግሩን ጣቶች በነዚህ ቦዮች ላይ አሳርፎ፣ አንዱን እግር ከሌላው ጥቂት አስቀድሞ ትእዛዝ ይጠብቅ ነበር። ከትእዛዝ በፊት የሚወጣውን ለመግታትም በኔሚያና በሌሎች የግሪክ ስፍራዎች ሂስፕሌክስ የተባለ መሣሪያ ተሠራ። ይህም በተጠመዘዘ ገመድ ውስጥ በታመቀ ኃይል፣ በሯጮቹ ፊት የተወጠረውን ገመድ ከነቋሚዎቹ በአንድ ጊዜ መሬት ላይ የሚጥል ነበር። የጥንት የድንጋይ መወርወሪያዎች የሚሠሩበት መርህ ለስፖርት ሲውል ማየት ማሐንዲስን ሳያስደስት አይቀርም።

ተንበርክኮ መነሳት የተጀመረው ገና በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 በአቴንስ አሜሪካዊው ቶማስ በርክ እጆቹን መሬት ላይ አሳርፎ በመነሳት የ100 ሜትርን ውድድር አሸነፈ። በ1929 ጆርጅ ሲምፕሰን የእግር መደገፊያ ተጠቅሞ 100 ያርድን በ9.4 ሴኮንድ ቢሮጥም፣ በመሣሪያው ምክንያት ሪኮርዱ አልጸደቀለትም። ጄሲ ኦወንስ በ1936 በበርሊን መነሻ ጉድጓዱን የቆፈረው በእጅ መኮትኮቻ ነበር። ስታርቲንግ ብሎክ ኦሊምፒክ የገባው በ1948 በሎንዶን ነው።

የዚህ ሁሉ ድካም ምክንያት ፍትጊያ ነው። በደልዳላ መሬት ላይ የፍትጊያው ምጣኔ 0.6 ቢሆን፣ የሯጩ ግፊት ከቀጥታ ቁም መስመር ሊያዘነብል የሚችለው እስከ 31 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ በእርጥብ ሣር ላይ ምጣኔው ወደ 0.4 ቢወርድ 22 ዲግሪ ግድም ይሆናል። ከዚያ ያለፈ እንደሆነ እግር ይንሸራተታል። ብሎኩ ለእግር ዘንበል ያለ ገጽ በመስጠት ይህን ወሰን ያነሳል። ብሎክ በሌለበት ጭቃ ላይ ተማሪን ማንበርከክ ግን የዘዴውን ቅርጽ ይዞ ጥቅሙን መጣል ነው።

ከ400 ሜትር በላይ በሆኑ ውድድሮች ደንቡ ራሱ ቆሞ መነሳትን ያዛል። እጅ መሬት አይነካም፤ «ተዘጋጅ» የሚለው ትእዛዝም የለም፤ «በቦታህ» ከተባለ በኋላ የሚከተለው ተኩሱ ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1956 በሜልበርን፣ ማሞ ወልዴ በ800ና በ1,500 ሜትር ተሰለፈ። ንጉሤ ሮባ በዚያው ኦሊምፒክ የአጭር ርቀት ሯጭ ነበር። ተንበርክኮ ይነሳ የነበረው ይህ ሰው፣ ኋላ ቆመው የሚነሱትን ባለድሎች አሠልጣኝ መሆኑ የታሪክ ጨዋታ ነው። በሸዋ ገጠር፣ ጃቶ በምትባል መንደር የተወለደው አበበ ቢቂላ (ኋላ ሻምበል) መስከረም 10 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. በሮም ከካምፒዶሊዮ ኮረብታ ሥር በባዶ እግሩ ቆሞ ተነሣ፤ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድም ከቆስጠንጢኖስ ቅስት ደረሰ። ከዚያች ምሽት እስከ 2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያ ያገኘቻቸው 24 የወርቅ ሜዳሊያዎች በሙሉ ከ5,000 ሜትር ጀምሮ ባሉ ርቀቶች የተገኙ ናቸው። አንዱም ከብሎክ አልተነሣም።

«ቆሞ መነሳትማ ምን ትምህርት ያሻዋል? ልጁ ከእናቱ ጀርባ ከወረደ ጀምሮ ያውቀዋል» የሚሉ አይጠፉም። የማያውቅ መሆኑን ለማየት ሠላሳ ተማሪዎችን በአንድ መስመር ማሰለፍ ይበቃል። ግማሾቹ ቀኝ እግርና ቀኝ እጅ በአንድነት ያስቀድማሉ፤ ሌሎቹ በመጀመሪያው እርምጃ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ በመካከል ያለው ተጠልፎ ይወድቃል። በ1,500 ሜትር ይህ የሚያሳጣው ጊዜ ጥቂት ቢሆንም፣ በሰው መካከል ተከቦ የቀረ ልጅ ቦታውን የሚያስመልሰው በብዙ ትንፋሽ ነው።

መምህሩ አስቀድሞ ልጁ እግሮቹን ገጥሞ ወደ ፊት እንዲያዘነብል ያድርግ። ሊወድቅ ሲል ቀድሞ የሚወጣው እግር የኋላው ነው፤ ሌላው ከመስመሩ አጠገብ ይቀመጣል። ክብደቱ በፊተኛው እግር ላይ ያርፋል፤ ጉልበቶቹ ይታጠፋሉ፤ ከፊተኛው እግር ተቃራኒ የሆነው ክንድ ይቀድማል። ከዚያ ዝም ብሎ መቆምን ይማር። ለተማሪ ከሁሉ የሚከብደው ይኸው ነው።

ሽጉጥ በሌለበት ሁለት ጣውላ ማጋጨት ይበቃል። ነገር ግን ሰዓት ያዡ ከ100 ሜትር ርቀት ድምፁን ጠብቆ ሰዓቱን ቢያስነሳ፣ በደጋ ብርድ ድምፅ በሴኮንድ 337 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 0.3 ሴኮንድ ይዘገያል፤ ልጁም ያልሮጠው ሪኮርድ ይጻፍለታል። ስለዚህ ሰዓት ያዡ ጆሮውን ትቶ የጣውላዎቹን መገናኘት በዓይኑ ይጠብቅ።