የባክቴሪያ ቀመርና የአቢጃታ ሐይቅ

በየ20 ደቂቃው ለሁለት የምትከፈል አንዲት ባክቴሪያ ምንም ሳይገድባት ብትራባ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ 72 ጊዜ እጥፍ ትሆናለች። እስኪ አስሉት! የአንዷ ክብደት የግራም አንድ ትሪሊዮንኛ ቢሆን እንኳ ድምሩ ከ4 ሺህ ቶን ይበልጣል። እንዲህ እንደማይሆን ግን ማንም ያውቃል።

ገደቡን ቀመር ውስጥ ያስገባው ቤልጂየማዊው ቬርሁልስት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1838፣ ያውም የሰውን ሕዝብ ብዛት ሲያሰላ። ፈረንሳዊው ዣክ ሞኖ ደግሞ በ1942 ባሳተመው ጥናት የባክቴሪያን ዕድገት ከምግቡ መጠን ጋር አያያዘው፤ ስኳሩ ሲያልቅ ዕድገቱም ይቆማል።

ወደ እኛ ሰፈር እንምጣ። ስፒሩሊና በልማድ አልጌ ይባላል እንጂ ባክቴሪያ ነው። የሶዳ ሐይቅ ይስማማዋል፤ ሻላ አጠገብ ያለችውን ጭቱን አረንጓዴ የሚያደርጋት እሱ ነው፣ የትንሹ ፍላሚንጎም ዋና ቀለብ ነው።

ከአዳማ በሞጆ ዞራችሁ ወደ ሻሸመኔ ስትወርዱ በስተቀኝ ያለው አቢጃታም የሶዳ ሐይቅ ነው። ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ የሚደርሰው ውሃ ለመስኖ ይጠለፋል፤ የሶዳ ፋብሪካም ከራሱ ከሐይቁ ሲቀዳ ኖሯል። ሐይቁ ሸሽቷል፣ ጨዉም በርትቷል። በቬርሁልስት ቀመር ጣሪያው ቋሚ ቁጥር ነው፤ እዚህ ግን ጣሪያውን የምናንቀሳቅሰው እኛው ነን። ስለዚህ የአቢጃታን ሞዴል የሚሠራ ሰው ከባክቴሪያዋ በፊት የቡልቡላን ፍሰት ይለካ።