ዝምታ ፈቃድ ነውን?

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከዚያ በፊት አይታው የማታውቀውን ሰልፍ አየች። ቁጥራቸው እጅግ የበዛ ሙስሊሞች፣ ከነርሱም ጋር ክርስቲያን ወገኖቻቸው፣ አደባባይ ወጡ። ለመንግሥት ያቀረቧቸው ጥያቄዎች 13 ነበሩ። ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ፣ በዓሎቻችን ይከበሩ፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ነፃነትና በጀት ይኑራቸው የሚሉት ከነዚህ ውስጥ ይገኙበታል። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» መባል ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» መባልንም ፈለጉ። ልዩነቱ የቃላት ቢመስልም አንደኛው አጠራር የእንግዳ፣ ሁለተኛው የባለቤት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ ያለው ሕዝብ በዚያው ወረቀት ላይ የሃይማኖት ፍርድ ቤቶቹን መንግሥት እንዲያጠናክርለት ጠይቋል። ይህ እርስ በርሱ ይጋጫልን? ነገሩን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን «አገር የጋራ ነው፣ ሃይማኖት የግል ነው» የሚለው አባባል ደጋግሞ ይነገር ነበር። ይሁን እንጂ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ደንግጓል። እርግጥ ነው፣ ሙስሊሞች ፈጽሞ ተረስተው ነበር ማለት አይቻልም። በ1934 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 12፣ ኋላም በ1936 ዓ.ም. የተተካበት አዋጅ ቁጥር 62፣ ለቃዲዎችና ለናኢባዎች የዳኝነት ሥልጣን ሰጥተዋል። ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ የልጆች ሞግዚትነት፣ ውርስና ወቅፍ በነርሱ ዘንድ ይታይ ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ መጣ። አዲሱ ሕግ በውስጡ የተነሡትን ጉዳዮች በተመለከተ የቀድሞዎቹን ደንቦች ሁሉ እንደሻረ በቁጥር 3347 ተናገረ። ጋብቻና ውርስ ደግሞ በውስጡ አሉ። ታዲያ ቃዲዎቹስ? ማንም በግልጽ አልዘጋቸውም፤ ማንም በግልጽ አላጸናቸውም። ሕጉን ያነበበ የሉም ይላል፤ ደጃፋቸውን ያየ አሉ ይላል። የሚሰጡት ፍርድ ተንጠልጥሎ ቀረ። የ1966ቱ ሰልፈኞች የጠየቁት እንግዲህ ይህ እንዲጠራ ነበር። የሌላው ሃይማኖት በሕገ መንግሥት ተጽፎ የነርሱ በቸልታ ብቻ የሚኖር በመሆኑ፣ ጥያቄያቸው የእኩልነት እንጂ የበላይነት አልነበረም።

አብዮቱ ሲፈነዳ ደርግ ከጥያቄዎቹ አንዱን ፈጥኖ መለሰ። በ1967 ዓ.ም. ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆኑ። የፍርድ ቤቶቹን ነገር ግን እንዳለ ተወው። አልዘጋቸውም፤ የጠራ ሕግም አላወጣላቸውም። ዘመኑ አለፈና ጉዳዩ ለሌላ መንግሥት ተላለፈ።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ደነገገ። በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ በሩን ከፈተ። መቀርቀሪያው አንድ ነው፤ የተከራካሪዎቹ ፈቃድ። ለዓመታት የተንጠለጠለው ጥያቄ በዚህች ቃል ተፈታ። ዜጋው ከሁለት ሕግ አንዱን የሚመርጠው ራሱ ነው፤ መንግሥትም ሆነ ሃይማኖቱ አይመርጡለትም።

ቃሏ ቀላል ብትመስልም ፈተናዋ ኋላ መጣ። በ1992 ዓ.ም. ሁለት ሕጎች ተከታትለው ወጡ። አዋጅ ቁጥር 188 የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን በሦስት ደረጃ አቋቋመ። ከጥቂት ወራት በኋላ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በትዳር ውስጥ ባልና ሚስትን እኩል አደረገ፣ የጋብቻንም ዕድሜ 18 አለ። የሸሪዓው አዋጅ ፈቃድ ያስፈልጋል ካለ በኋላ፣ መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ሰው እንደተስማማ ተቆጥሮ ነገሩ በሌለበት እንዲታይ አዘዘ። ከዚህም ሌላ አንድ ጊዜ የተመረጠውን ፍርድ ቤት መለወጥ አይቻልም አለ።

አባቶች ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ። እዚህ ላይ ግን ዝምታ ዋጋ ያስከፍላል። መጥሪያው የደረሳት ሴት የቀረችው ስለተስማማች ነው? ወይስ ማንበብ ባለመቻሏ? ወይስ «ሸሪዓን እንቢ አለች» ተብላ በዘመድና በጎረቤት ፊት እንዳትቆም ፈርታ? ወረቀቱ ይህን አይለይም።

አንዲት እናት ግን ዝም አላሉም። በውርስ ክርክር ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሲጠሩ በዚያ መዳኘት እንደማይፈልጉ ተናገሩ። ፍርድ ቤቱ ተቃውሞአቸውን አልፎ ነገሩን አየ። በይግባኝም፣ በሰበር ሰሚ ችሎትም ሰሚ አላገኙም። በመጨረሻ ጉዳዩ ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን ወዳለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ። ምክር ቤቱ በ1996 ዓ.ም. ያለ ፈቃዳቸው የተሰጠው ዳኝነት ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭ ነው ሲል ወሰነ።

ውሳኔው ሸሪዓን አላሳነሰም። ፈቅዶ ለሚመጣ ሙስሊም ደጁ እንደተከፈተ ነው፤ በእምነቱ ሕግ መዳኘትም መብቱ ነው። ያለ ፈቃድ የሚመጣ ዳኝነት ግን ለሃይማኖቱም ክብር አይሆንም፤ ተገዶ የገባ ሰው አማኝ ሳይሆን ተከሳሽ ነውና።

የ1966ቱ ሰልፈኞች ለማኅበረሰባቸው የጠየቁትን እኚህ እናት ለራሳቸው ጠየቁ። ሰልፈኞቹ «እኛም እንቆጠር» አሉ፤ እርሳቸው «እኔም ልጠየቅ» አሉ። ሁለተኛው ጥያቄ የፊተኛው ጠላት ሊመስለው የሚችል ሰው አለ። ለእኔ ግን የፊተኛው ልጅ ነው። የቡድንን እኩልነት ከመንግሥት ማግኘት ይቻላል፤ አብዮትም ሊያመጣው ይችላል። የአንዲት ሴት «አዎን» ወይም «አይሆንም» ግን የሚሰማው በችሎቱ ደጃፍ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ጸሐፊው ወይም ዳኛው ቀና ብሎ ሲጠይቃት ነው። ሃይማኖትና ዴሞክራሲ ተስማምተው መኖራቸው የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው።